የሞካሪው ስም

ድምፅ አልወረሰችም፤ የወረሰችው ጆሮ ነው። አባቷ ሲዘፍን አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጥ ነበር፤ እሷ ስታንጎራጉር ግን ድመቷ እንኳ ከተኛችበት ተነስታ በሩ ላይ ትቆማለች። ይህን የምትለው አክስቷ ናት፤ ቤት ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳትል አትቀርም።

ጆሮዋ ግን የጉድ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው ትኬት የሚቆርጡትን ማሽኖች የምትጠግነው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ናቸው፤ ሃያ ሁለቱም አርጅተዋል። ሌላው ሠራተኛ መፍቻ ተሸክሞ ሲመጣ እሷ ባዶ እጇን ትመጣና ጉንጯን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። «ይሄ ማራገቢያው ነው» ትላለች። «ይሄኛው ወረቀት ጎርሶ ነው።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስትል እውነተኛ ስሟ ጠፍቶ «ጆሮ» ሆና ቀረች። አለቃዋ ሳይቀር «ጆሮን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ስም አላት። ለአባቷ አንዲት ናትና «እንኮዬ» ይላታል።

ይላት ነበር።

አባቷን ከተማው የሚያውቀው «ጎርናናው» ብሎ ነው። ጠጠር ላይ እንደሚወርድ ውሃ ያለ ድምፅ ነበረው፤ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ላይ የሚሻክር። ከዘፈኖቹ ሁሉ ሰው የሚወድለት ሚስቱ የሞተች ዓመት የገጠመውን ነው፤

ሄድሽ ብለው ነገሩኝ፣ እኔ መቼ አመንኩኝ፤
በርሽን ገርበብ አርጌ፣ ደጅ ደጁን እያየሁኝ፤
ኮቴ በሰማሁ ቁጥር፣ አንቺ እየመሰልሽኝ፤

አራተኛው ስንኝ የለም። እዚያ ሲደርስ አፉን ገጥሞ ያጉተመትማል፤ ዜማው ይሄዳል፣ ቃሉ ይቀራል። «ሙላው እንጂ» ሲሉት «ሲመጣ ይሞላል» ይል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አልመጣም።

ስለ ጎርናናው ሌላም የሚነገር አለ። አንድ ጊዜ አንድ ሙዚቃ ቤት የሌላ ሰው ዘፈን በእሱ ስም አትሞ አወጣ። ካሴቱ እንደ ጉድ ተሸጠ። ጎርናናው ሱቁ ድረስ ሄደ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የቀሩትን ካሴቶች ሽፋን እያወጣ ስሙን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሰረዘ። ባለሱቁ «ጌታው፣ ምን ጎደለብህ? ስም እኮ ነው የጨመርንልህ» ቢለው፣ ቀና እንኳ ሳይል «ያልዘፈንኩትን አትጻፉብኝ፤ ውሸታም ታደርጉኛላችሁ» አለው። ከጠዋት እስከ ቀትር ሰርዞ፣ እስክሪብቶውን መልሶ፣ አመስግኖ ወጣ።

በሽታው ሌባ ነው፤ ያውም ቤቱን የሚያውቅ ሌባ። ጎርናናው ዘንድ ሲገባ እግሩን አልነካም፣ እጁን አልነካም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጉሮሮው ሄደ። መጀመሪያ «ረ» ተንሸራተተችበት። ቀጥሎ ቃላት እርስ በርስ ይደናቀፉ ጀመር። ሐኪሟ የነርቭ ሕመም መሆኑን፣ ድምፁ ከጥቂት ወራት በላይ እንደማይቆይ፣ እጅና እግሩም ተራቸውን እንደሚጠብቁ በነገረቻቸው ማግስት፣ እንኮዬ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጋ በብርድ ልብስና በካፖርት ሸፈነችው፤ በርጩማና ማይክሮፎን አስገባች፤ ከዚያም አባቷን።

«ሰው ሳይሞት ሳጥን ይገባል?» አለች አክስቷ።

«ልምምድ ነው፣ እቴ» አላት ወንድሟ ጎርናናው፤ ያኔ ገና መቀለድ ይችል ነበር።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው አንድ በአንድ አነበበላት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ድምፅ። ሦስት ቀን ፈጀ። «በስተርጅና ተማሪ አደረግሽኝ» እያለ ወጣ። የ«ረ» ቤት ብቻ እንደ ተንሸራተተች ቀረች።

ከመናኸሪያው ከተጣለ አሮጌ የትኬት ማሽን ሆድ ውስጥ፣ መጽሐፍ የማታክል ሰሌዳ አውጥታ መናገሪያ ሠራችለት። ጠባይዋን እንደ እጇ መዳፍ የምታውቃት ሰሌዳ ናት። አባቷ በአውራ ጣቱ ፊደል ይመርጣል፤ ማሽኑ በገዛ ድምፁ ፊደሎቹን እየቀጠለ ይናገርለታል። ለልጅ የሚያስነብብ መምህር ይመስላል፤ ቢሆንም የእሱ ነው፣ ጫፉ ላይ ይሻክራል። ሁለት ዓመት በዚያ ኖሩ። ጨው በዛ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ያ ዘፋኝ ተብዬ ዜማውን ገደለው። ማሽኑን የሚያበራው እሱ ራሱ ነበር፤ ሥራዋ ላይ እያለች ስልክ ደውሎ «እን… ኮ… ዬ» ይላታል፤ ከዚያ ይዘጋል። ሌላ ጉዳይ የለውም።

ሌባው ተመልሶ መጣና አውራ ጣቱን ወሰደ።

በሳምንቱ ሰኞ፣ ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ አንዲት ነገር ይዛ መጣች፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ጉንጭ ላይ የምትለጠፍ። ጡንቻ ስትነቃነቅ ትሰማለች። «ቀኝ ጉንጩ ገና ትታዘዘዋለች» አለች ነርሷ።

«እስከ መቼ ትታዘዘዋለች?»

ነርሷ ቦርሳዋን ዘጋች። «ብቻ አትቆዪ፣ እህቴ።»

እንኮዬ ከሥራ የሳምንት ፈቃድ ወሰደች። አባቷ አልጋው ላይ ሆኖ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቅል ብሏል። የሚላት ነገር አለው። ይህን ለማወቅ የእሷ ጆሮ አያስፈልግም፤ ማንም የሚያየው ነው። ልቧ ውስጥ ደግሞ ምን እንደሆነ ያወቀች መሰላት። ስንኙ መጥቷል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ አፍ ከተዘጋ በኋላ፣ አራተኛው ስንኝ መጥቷል።

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ማሽን ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃ ፕሮግራም አለ፤ ባለሙያዎቹ ከርነል ይሉታል። እሱ ሲነቃ ነው ስክሪኑም፣ ድምፁም፣ ቁልፉም የሚነቁት። ሰሌዳዋ ላይ የነበረው አሮጌ ከርነል ጉንጭ ላይ የምትለጠፈዋን ቁልፍ አያውቃትም፤ እሱ ከተጻፈ ከዓመታት በኋላ የመጣች ናት። አዲሱ ያውቃታል። እንኮዬ አዲሱን ጫነች፤ ማብሪያውን ተጫነች።

ምንም።

ምንም ሲባል ደግሞ ጥርት ያለ ምንም። ስክሪኑ ጥቁር፤ ከላፕቶፗ ጋር ያገናኘችው የመልእክት ገመድ አንዲት ፊደል አላመጣም። መናኸሪያ ላይ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አላት፤ «ስህተቱን የሚናገር ማሽን ግማሽ መንገድ መጥቶልሻል።» ይሄኛው ግን ስህተቱን እንኳ ለመናገር ሳይነቃ ነው የሚሞተው። ጉንጯን ሰሌዳዋ ላይ አሳረፈች። ጸጥታ።

«አሮጌውን መልሺው እንግዲህ» አለች አክስቷ ከበሩ።

«አሮጌው ይነቃል፣ ጉንጭ አያውቅም። አዲሱ ጉንጭ ያውቃል፣ አይነቃም።»

«እንደ ወንድሜ ጓደኞች ነዋ። የሚጠራው አይመጣም፣ የሚመጣው አልተጠራም።» ሳህን አስቀምጣላት ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑን «እንቅልፋሙ» አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት አክስት ሆዬ በራሷ መንገድ ልትሞክር ተነሳች። ወንበር ስባ ከራስጌው ተቀመጠች። «በቃ እኔ ፊደሉን እቆጥርልሃለሁ፣ የፈለግከው ላይ ስደርስ ዓይንህን ጨፍን» አለችውና «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ማለት ጀመረች። ጎርናናው አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ጨፈነ፤ እስከ «ፐ» ድረስ አልገለጠም።

«ተኛ?» አለች።

«አልተኛም» አለች እንኮዬ። «በሌላ ሰው አፍ አይናገርም።»

«ይሄ ኩራቱ!» ብላ ተነሳች አክስቷ፤ መጋረጃውን እያስተካከለች ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ረጅም ጊዜ ቆየች።

እንኮዬ ለአባቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ተተከለች። ሰሌዳዋ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ መብራት አለች። ማሽን አፍ ባይኖረው፣ ስክሪን ባይኖረው፣ መብራት ማብራት ይችላል። ከርነሉ የመጀመሪያ መስመሮች መሐል «መብራቷን አብራ» የሚል ትእዛዝ ሰካች። በራች። እሰየው፤ እስከዚህ ሕይወት አለ። ትእዛዙን ወደ ታች አወረደችው። በራች። እንደገና ወደ ታች። በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰች እንደምትሄድ ሰው፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ሰሌዳዋ ትጠፋለች፣ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ማታ ሊገባ ሲል አንድ ቦታ ላይ አልበራችም። ከዚያ በላይ ሕይወት፤ ከዚያ በታች ጨለማ።

የሚሞተው መሣሪያውን የሚያስተዋውቀውን ዝርዝር ሊያነብ ሲል ነው። ዝርዝሩ እንግዲህ እንዲህ ነው። ከከርነሉ በፊት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ቤት እንደሚያስረክብ ሰው። ለአዲሱ ገቢ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ትቶለት ይሄዳል፤ ኩሽናው በዚህ ነው፣ መብራቱ በዚያ ነው፣ ድምፅ በዚህ በኩል ይወጣል። ወረቀቱ መቀመጡን እንኮዬ አረጋገጠች። ከርነሉ ግን ደርሶ ሲያነብ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። መሐል ላይ አንድ ሰው ወረቀቱን አጥፍቶታል። ማን?

ረቡዕ ግማሽ የመጣል ሥራ ጀመረች። ከአሮጌው ከርነል እስከ አዲሱ ድረስ፣ በየአገሩ ያሉ ሰዎች አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ለውጥ አድርገውበታል። መሐሉን ትወስዳለች፣ ትጭናለች፣ ታበራለች። ከነቃ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ካልነቃ ከዚያ በፊት። ግማሹን ትጥላለች፤ የቀረውን እንደገና ለሁለት። አሥራ አራት ጊዜ ቢሆን ነው። አንዱን ማዘጋጀት አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

«ምስር እንደ መልቀም ነው» አለቻት ለአክስቷ፣ እንዲገባት ብላ።

«እኔ ምስር ስለቅም ግማሹን አልደፋም» አለች አክስቷ። ሳህኑን አየችው። እንዳመጣችው ነው፣ ፊቱ ደርቋል። አንስታ ሌላ አስቀመጠች። ከአልጋው ላይ ጎርናናው ሳህኑን በዓይኑ ሸኘው፤ በምትኩ የመጣውንም ተቀበለው። እንኮዬ ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና ይህን አላየችም።

ሐሙስ ሰባት ደረሰች። አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ እየዘመመ ይነቃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ። እጇ እየሠራ ልቧ ስንኝ ይፈልጋል። «…አንቺ እየመሰልሽኝ» ከሚለው በኋላ ምን ሊመጣ ይችላል? «ወጥቼ ስመለስ» ቢል? «ጎረቤቱ ሳቀብኝ» ቢል? አይ፣ እሱ እንዲህ አይገጥምም። ዞር ብላ አየችው። እያያት ነው። ቀኝ ጉንጩ ነቅነቅ አለች።

«ቆይ አባዬ፣ ደረስኩ» አለችው። «ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ጉንጩ እንደገና ነቅነቅ አለች። ተመልሳ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥራ አራተኛው። አንድ ለውጥ ብቻ ቀረ። አንድ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው አገር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያደረገው። ማብራሪያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «የሥራውን ቅደም ተከተል ለማስተካከል። በአሠራሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።»

የለም። እንኮዬ ይህችን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። ሰውየው ያደረገው ሁለት መስመር ማቀያየር ነው። ድሮ ከርነሉ ሲነቃ በመጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ያነብ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ይጠርጋል። አሁን በመጀመሪያ ይጠርጋል፣ ከዚያ ሊያነብ ይመጣል። ሌላው ሰሌዳ ላይ ወረቀቱ ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ መጥረጊያው አይደርስበትም። በእሷ አሮጌ ሰሌዳ ላይ ግን መጥረጊያው መንገድ ላይ ነው። ክፋት የለበትም። ቤት ሊያጸዳ የመጣ ሰው፣ የተተወለትን ደብዳቤ ሳያነብ ጠርጎ ጣለው፤ ይኸው ነው። በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ላይ አዲሱን የሞከረ ማንም ስላልነበረ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም።

ሁለቱን መስመሮች ወደ ድሮ ቦታቸው መለሰቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ አልጋው እግር ላይ ስትደርስ ማብሪያውን ተጫነች። አረንጓዴዋ በራች። የመልእክቱ ገመድ ፊደል ይረጭ ጀመር። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፤ በላዩ የፊደል ገበታው፣ ሠላሳ ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ሰባት ሰባት።

«እንቅልፋሙ ተነሳ!» አለች አክስቷ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች እየሮጠች መጥታ።

እንኮዬ ቁልፏን ቀኝ ጉንጩ ላይ ለጠፈችለት። ገበታው ላይ ጥላ የመሰለ ምልክት ከላይ ወደ ታች በየመስመሩ ይወርዳል፤ ጉንጩ ስትነቃነቅ ይቆማል፤ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እንደገና ስትነቃነቅ ፊደሉ ይመረጣል። ሀ አለፈ። ለ አለፈ። ሁለት ጊዜ ሳተና ምልክቱ እስከ ፐ ወርዶ ተመለሰ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። አክስቷ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

በሦስተኛው ዙር የ«በ» ቤት ላይ ቆመ። የመጀመሪያዋ ድምፅ።

«በ» አለ ማሽኑ። በእሱ ድምፅ።

እንኮዬ አፏን በእጇ ያዘች። ስንኙ በ«በ» ይጀምራል። በሩ ላይ ነው ማለት ነው፤ በሩን ይመልሰዋል። እንዴት አላሰበችውም?

ቀጥሎ «ለ» ቤት፤ አራተኛዋ። «ላ።»

በላ… በላዬ? በላይሽ? ከንፈሯ ከምልክቱ ጋር ይሄድ ነበር።

ምልክቱ የ«ሸ» ቤት ላይ ቆመ፤ ስድስተኛዋ። ጉንጩ ትንሽ አረፈች። ከዚያ ማሽኑ ሦስቱን ቀጥሎ፣ በጎርናናው ድምፅ፣ ጫፉ ላይ እየሻከረ ተናገረ።

«በ… ላ… ሽ?»

ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰሌዳዋ ጎን፣ ከዓርብ ማታ ጀምሮ ያልተነካ ሳህን አለ። እንኮዬ ሳህኑን አየች፤ አባቷን አየች። ስድስት ቀን ዓይኑን ከእሷ ያልነቀለው፣ ጉንጩ ነቅነቅ ነቅነቅ ያለችው፣ ለዚህ ነው።

«በልቻለሁ፣ አባዬ» አለችው፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። «አሁን፣ ጠዋት ነው የበላሁት።»

ምልክቱ መውረድ ጀመረ። ይህኛው ረጅም ነበር፤ አራት ፊደል። አክስቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከአልጋው እግር ወደ ጉልበቱ መጣች። «ው።» ቆይቶ «ሸ።» ከዚያ ሳተ፤ እንደገና ከላይ ጀመረ። «ታ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም። ሲጨርስ ዓይኑ ጥግ ላይ የድሮዋ፣ የመድረክ ላይዋ ተንኮል ብልጭ አለች።

«ው… ሸ… ታ… ም።»

አክስቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። እንኮዬ ግንባሯን ደረቱ ላይ ደፋች፤ ጆሮዋን እዚያ አሳረፈች፣ ማሽን እንደምታዳምጠው። ውስጡ ይሠራል። በጣም በቀስታ ይሠራል። ዓይኑን ጨፈነ፤ ይሄን ጊዜ ለእንቅልፍ ነበር።

እሱ ተኝቶ ሳለ፣ እንኮዬ ያስተካከለቻትን ሁለት መስመር፣ የየሰዉን ለውጥ መርምረው ለሚቀበሉት ለከርነሉ ጠባቂዎች ላከች። በዚያ ሙያ ልማድ አለ፤ ለውጥ የሚልክ ሰው ከማብራሪያው ሥር ስም ይጽፋል፤ ጥፋቱን ያገኘው እገሌ፣ ያስተካከለው እገሌ፣ መሥራቱን የሞከረው እገሌ። ለዘለዓለም ከለውጡ ጋር ይኖራል፤ ማንም ካሴት እንደዚያ አይቆይም። «የሞከረው» በሚለው መስመር ላይ የአባቷን ስም ጻፈች። ጎርናናው አላለችም፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም፣ ከነአባቱ። ዓለም ላይ ይህን ለውጥ በዚያ ሰሌዳ፣ በአንዲት ጉንጭ የሞከረ እሱ ብቻ ነውና ሐሰት አልነበረበትም።

እሑድ ጉንጩ አልታዘዝ አለች። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አክስቷ መስኮቱን ልትከፍት ስትነሳ፣ አረፈ።

ለቀስተኛው መጣ፣ ተቀመጠ፣ ሄደ። ከድሮ ባንድ ጓደኞቹ አንዱ፣ ጥርሱ ያለቀ ከበሮ መቺ፣ እንኮዬን ጠጋ ብሎ «ስንኟን ነግሮሽ ይሆን?» አላት በሹክሹክታ።

«አልነገረኝም።»

«ምንም አላለሽ?»

«ውሸታም አለኝ።»

ከበሮ መቺው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው» አለ። «ራሱ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤቱ ባዶ በሆነበት አንድ ቀትር፣ ከከርነሉ ጠባቂዎች አንዱ መልስ ጻፈላት። የማታውቀው ሰው ነው፤ አጻጻፉ ግን ትሑት ነበር። ጥፋቱ እውነት መሆኑን፣ እሷ ባታገኘው ማንም እንደማያገኘው፣ እናመሰግናለን የሚል ነው። መፍትሔው ግን ትንሽ ይሻሻል ይላል፤ መስመሮቹን ከማቀያየር ይልቅ፣ ወረቀቱን መጥረጊያ ወደማይደርስበት ቦታ አስቀድሞ መገልበጥ ይሻላል። ሁለተኛውን አዘጋጅቶ ልኮላታል። ከዚያም መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፤ «ለውጡ ስለተቀየረ በደንባችን የሞካሪው ስም ይነሳል። ሞካሪሽ ሁለተኛውንም አንድ ጊዜ ቢሞክርልን ግን ስሙን በደስታ እናቆየዋለን።»

እንኮዬ ይህን አንብባ ወደ አልጋው ዞረች።

አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። ሰሌዳዋን አወጣች፣ ሁለተኛውን ጫነች፣ ማብሪያውን ተጫነች። አረንጓዴዋ በራች፤ ገበታው መጣ። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለውን አንስታ የገዛ ቀኝ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ቀዝቃዛ ነበር። የምትመርጠው ቃል አላሰበችም፤ ምልክቱ ሲወርድ ጉንጯ በራሷ አወቀች። አራት ፊደል።

«እ… ን… ኮ… ዬ» አለ ማሽኑ፤ በአባቷ ድምፅ።

ይሠራል።

የምትጽፈው አንድ መስመር ነው። «ሞካሪው ሁለተኛውንም ሞክሮታል፤ ይነቃል» ብትል ማን ያውቅባታል? ሰውየው ይቀበላል። የአባቷ ስም እዚያ ይቀመጣል፤ ከርነሉ ባለበት ማሽን ሁሉ ጀርባ፣ በማታውቃቸው ከተሞች፣ በሆስፒታሉ፣ በመናኸሪያው፣ ሃያ ሁለቱ ማሽኖቿ አንድ ቀን ሲታደሱ በእነሱም ጭምር። ዘፈኑን የሚያውቁት አርጅተዋል፤ ካሴቱን የሚያጫውት መሣሪያ እንኳ ጠፍቷል። ይህ ግን ይኖራል። ጻፈችው። ስሙን ከነአባቱ ጻፈችው፣ ጠቋሚውን «ላክ» ላይ አሳረፈች።

ጣቷ አልወረደም። የምታዳምጥ ነገር ያለ ይመስል ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። ወንበር ስቦ የተቀመጠ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ይሰርዛል፤ ጭረት፣ ጭረት፣ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ቀና ሳይል።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከኋላ ወደ ፊት አጠፋቻቸው። በምትኩ እንዲህ ጻፈች፤ «የመጀመሪያውን የሞከረው ሰው አርፏል። ሁለተኛውን አልሞከረውም፤ ስሙን አንሱት። የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ ይነቃል።» ላከችው።

ከኩሽና የሳህን ድምፅ ተሰማ። አክስቷ ጭንቅላቷን በበሩ ብቅ አደረገች። ዓይኗ ከሰሌዳዋ ወደ እንኮዬ፣ ከእንኮዬ ወደ ባዶው አልጋ ሄዶ ተመለሰ። ጉንጯ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየች።

«በላሽ?» አለች።

እንኮዬ ቁልፏን ከጉንጯ ላቀቀች፤ ቦታዋ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ቀረ።

«አልበላሁም፣ እትዬ» አለች፤ ተነሳች።